የኳሷ መንገድ

የሞተው ሰው በዘይት በራሰ አሸዋ ላይ በጎኑ ተኝቷል። እዚያ ድረስ በእግሩ የመጣበት ዱካ ግን የለም።

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል ወልደ ኢየሱስ መጀመሪያ ያየው ይህንኑ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረም። ከአዋሽ ጣቢያ ከአንድ ሰዓት በላይ በፖሊስ ላንድሮቨር ሲንገጫገጭ ስለመጣ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ ቆመና ክቡን አሸዋ ከዳር ሆኖ አንድ ጊዜ ዞረው። ቸኩሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። አባቱ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ለገበሬ አቤቱታ የሚጽፉ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውንም «ባለጉዳይ የሚነግርህን ጻፍ፣ የማይነግርህን ግን አንብብ» እያሉ ነው ያሳደጉት።

ጎልፍ የሣር ላይ ጨዋታ ነው ይባላል። በሐሌ ዳባ የጥጥ እርሻ ግን ውኃ ለጥጥ እንጂ ለሣር አይባክንም። ስለዚህ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ እንግሊዛዊው ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ ባለው ጠፍ መሬት ላይ ዘጠኝ ክብ የአሸዋ መደቦች አስነጠፈ፤ አሸዋው በነፋስ እንዳይበተንም የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጠጣው። በየመደቡ መካከል ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድና አንዲት ቀይ ባንዲራ አለች። ሠራተኛው መደቡን በቀለሙ «ቡኒው» ይለዋል። አስናቀ የሞተው ስድስተኛው ቡኒ ላይ ነው።

አስናቀ ሙያው ጎልፍ የነበረ የአርባ ዓመት ሰው ነው። በዚያ በ1957 ዓ.ም. ሚስተር ሃርግሪቭ ሦስት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን ለሦስት ቀን ውድድር ጠርቶ ነበር፤ አሸናፊው ናይሮቢ ሄዶ ከውጭ ባለሙያዎች ጋር ይጫወታል። ረቡዕ ጠዋት የመጀመሪያውን ቀን ተጫወቱ። ረቡዕ ቀትር ላይ አስናቀ ሞተ። አሁን የዚያው ቀን ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ ሙቀቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ገዳዩ ተይዟል ጌታዬ» አለ የእርሻው ኬላ ኃላፊ አስር አለቃ ባፈና። «ሀምዳ የሚባል ከብት አርቢ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ከአሸዋው ዳር ቆሞ፣ እየጮኸ አሞራ ሲያባርር ያዝነው። ይኸው የሸበጡ ዱካ። ሸበጡ ራሱ ዘይት ጠጥቷል። ከሚስተሩ ጋር ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ የተጣላ ሰው ነው። ነገ በአራት ሰዓት ካሚዮኑ ወደ አሳይታ ይወስደዋል።»

«እዚያስ?»

«እዚያማ ይሰቀላላ!»

«ገድሎ አሞራ የሚያባርርስ ምን ዓይነት ገዳይ ነው?»

ባፈና ኮፍያውን አስተካከለ። መልስ ሲያጣ ኮፍያ ማስተካከል ልማዱ ነው።

ሻምበሉ ቁጢጥ ብሎ አሸዋውን አየ። ቡኒው በሙሉ ተጠርጓል። የመጥረጊያው ጣውላ ያሰመራቸው ቀጫጭን መስመሮች ከጉድጓዱ ተነሥተው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞሩና እየሰፉ፣ ሬሳውንም በጥንቃቄ ከበው እስከ ዳር ደርሰዋል። በዚያ ንጹሕ አሸዋ ላይ አንድ ሰው ብቻ ሄዷል፤ በሸበጥ ገብቶ፣ በሸበጥ ወጥቶ። የሟቹ ነጭ ኳስ ከጉድጓዱ ስምንት እርምጃ ርቃ ቁጭ ብላለች፤ ዙሪያዋን መዳፍ የሚያህል ስፍራ ሳይጠረግ ቀርቷል። የሸበጡ ዱካ ከምሥራቅ ዳር፣ ከግራሩ በኩል ገብቶ በቀጥታ ወደ ሬሳው ይመጣና ኳሷ ዘንድ ሲደርስ ይጎብጣል፤ በስተኋላዋ ዞሮ ከዚያ ሬሳው ጋ ይደርሳል። ሲመለስም እንደዚያው።

«ባፈና፣ እስኪ ከዚህ ተነሥተህ ሬሳው ጋ ሂድልኝ።»

ባፈና ዳር ዳሩን ሳይል በኳሷና በጉድጓዱ መካከል አቋርጦ ሄደ።

«ደግ» አለ ሻምበሉ።

ከዚያ አንድ ትርፍ ኳስ ከሟቹ ከረጢት አወጣና በጉድጓዱ አፍ ላይ ለቀቃት። ኳሷ ገባች። ከሥር፣ ከጉድጓዱም በታች፣ ባዶ ቤት በር እንደተንኳኳ ያለ ድምፅ መለሰ። አንዴ ብቻ አይደለም፤ እየራቀ ሦስት ጊዜ። ሻምበሉ ሃያ ሁለት ዓመት ሬሳ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጠጉሩ ቆመ። ፈራም፤ መፍራቱንም ለራሱ አልካደም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እኛ አንጠይቅም ጌታዬ» አለ ባፈና ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከረጢት ተሸካሚዎቹም ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ዝም አይነቅዝም።»

ሬሳው ወደ ክሊኒኩ ተወሰደ። ድሬሰሩ ቁስሉን አጥቦ፣ ከጆሮው በላይ አንዲት ጠባብና ጥልቅ ስብራት ብቻ እንዳለች አሳየ። የሀምዳ ዱላ ክንድ የሚያህል ድቡልቡል እንጨት ነው። ሻምበሉ ዱላውን አይቶ መልሶ አስቀመጠው።

ሀምዳ በኬላው ጓዳ እግሩ በሰንሰለት ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰው ነው። ደጁ ላይ ሚስቱ ሐዋ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ባሏ ከተያዘ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም።

«አልገደልኩም» አለ ሀምዳ። «ወላሂ አልገደልኩም። እሱ ና አለኝ፣ መጣሁ።»

«ለምን ና አለህ?»

«አባቴ እዚያ ነው። ከአሸዋው ሥር።»

ሻምበሉ ከፊቱ ቁጢጥ አለ።

«የአባቴ መቃብር የድንጋይ ነበር። እኛ ወደ አፋምቦ በኩል ወርደን ስንመለስ ድንጋዩ የለም። ነቅለው አሸዋ አልብሰውታል፤ ባንዲራ ተክለውበታል። ሦስት ዓመት ለፈረንጁ ነገርኩት። ነገ ይለኛል። ነገ፣ ነገ። ሟቹ ግን ዛሬ ጠዋት ኳሱ ሲገባ ድምፁን ሰማ። ሌሎቹም ሰሙ፣ አየኋቸው፤ መሬት መሬት አዩ። እሱ ብቻ መጥቶ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ‹ለፈረንጁ እኔ እናገራለሁ፤ ቀትር ላይ ና፣ ድንጋዩ የት የት እንደነበር አሳየኝ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ቀድሜ መጣሁ። ግራሩ ሥር ሶላቴን ሰገድኩ። ሸበጤን አውልቄ ነበር። ስጠብቀው እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አሞራ አየሁ። ሸበጤን ሳደርገው ደግሞ ውስጡ አንሸራተተኝ፤ ዘይት ሆኗል። አሸዋው ላይ አልገባሁም፤ ከዳር ሆኜ አሞራውን አባረርኩ። ይሄን ለዚህ ፖሊስ ስነግረው ሳቀ።»

ባፈና ኮፍያውን አስተካከለ።

«ጩኸት አልሰማህም?»

«ቀትር ላይ የውኃው ፓምፕ ነው የሚጮኸው። ሰው ቢጮህ አይሰማም።»

ሻምበሉ ሲወጣ ሐዋ ዓይኗን ሳታነሣ «ይሄዳል እንዴ ነገ?» አለችው። ሊዋሽላት አልፈለገም። «እስከ አራት ሰዓት ጊዜ አለኝ» አላት።

ሚስተር ሃርግሪቭ ዐሥር ዓመት በኢትዮጵያ ኖሯል። አማርኛውን የተማረው ከዘበኞች ስለሆነ ሁሉንም ሰው፣ ሽማግሌም ሆነ ባለሥልጣን፣ «አንተ» ነው የሚለው።

«አንተ ሻምበል፣ ቁጭ በል። ሥራው አለቀ አይደለም? ሀምዳ ነው።»

«እርስዎ ካሉ» አለ ሻምበሉ። «ግን አስናቀ ዛሬ ጠዋት እርስዎ ዘንድ አልመጣም?»

የሚስተር ሃርግሪቭ ፊት ቲማቲም መሰለ። «አልመጣም። ለምን ይመጣል?»

«አቤት ለማለት።»

«አስናቀ ፕሮፌሽናል ነው። ፕሮፌሽናል ቅሬታ የለውም። ሜዳው እንዳለ ይጫወታል። አንተ ይሄን አታውቅም፤ ይሄ አልተጻፈም፣ ግን ሕግ ነው። ስለ ሞተ ሰው እንዲህ አትናገር፤ ስሙን ታበላሻለህ።»

ሻምበሉ ከዚህ ሁሉ ቃል አንዷን፣ «ቅሬታ» የምትለዋን፣ ይዞ ወጣ። ሰውየው ሟቹን ከስድብ ይከላከል እንደነበር ገብቶታል። አቤት ማለት እንዴት ስድብ እንደሚሆን ግን የአቤቱታ ጸሐፊ ልጅ ቶሎ ሊገባው አልቻለም።

የገባው ካሕሳይ ዘንድ ነው። ካሕሳይ ከአሥመራ የመጣው ባለሙያ ነው፤ ወጣት፣ ጫማው የሚያበራ። ዘጠነኛው ቡኒ ላይ ብቻውን ይለማመድ ነበር። ሻምበሉን ሲያይ የጎልፍ ዱላውን አስቀመጠና የመጥረጊያውን ጣውላ በገመዱ እየጎተተ የረገጠውን ማጥፋት ጀመረ፤ ማሳ እንደሚያርስ ሰው ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ቀጥ ብሎ እየተመለሰ።

«ማንም ሳያይህ ትጠርጋለህ?»

«መጨረሻ የወጣ ይጠርጋል ሻምበል። ሰው አየ አላየ የለውም። ሲጠርግ ግን እያንዳንዱ እንዳስተዳደጉ ነው።»

«ሌላስ ምን ያልተጻፈ ሕግ አላችሁ?»

ካሕሳይ ሳቅ አለ። «ብዙ ነው። የሌላ ሰው ኳስ በእጅህ አትነካም። ሰው ሲመታ ጥላህ እንኳ አይንቀሳቀስም። ከሁሉ የከፋው ግን ማማረር ነው። ሜዳው ጎርባጣ ነው፣ ፀሐዩ በረታ፣ ጓደኛዬ ዘገየብኝ አይባልም። አንዴ ካልክ ‹አልቃሻው› ትባላለህ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠራህ የለም። ሆድ ይፍጀው ነው ነገሩ።»

«ስድስተኛው ላይ የሚሰማው ድምፅስ?»

የካሕሳይ እጅ ገመዱን እንደያዘ ቆመ።

«ምን ድምፅ?» አለ።

«እሺ። ቀትር ላይ የት ነበርክ?»

«ክፍሌ። ሸሚዝ ሳጥብ።»

«ማን አየህ?»

«ሸሚዜ» አለ ካሕሳይ። ቀልዱ ግን ለራሱም አልጣመውም።

ሦስተኛው ባለሙያ ከድሩ ነው። ከአስናቀ ጋር አዲስ አበባ ገና በልጅነታቸው የሀብታም ከረጢት ሲሸከሙ አብረው ያደጉ፣ አንድ ፍራሽ የተጋሩ ናቸው። አርባ አራት ዓመቱ ነው። ሻምበሉ ሲገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ ነበር።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ምን ልበልዎ።»

«ቀትር ላይ?»

«ተኝቼ ነበር። ጠዋት ደክሞኝ ነበር።»

«ጠዋት ግን ድል አድርገሃል አሉ።»

«በአራት ምት መራሁ። አላህ ረዳኝ።» ፊቱ ለቅጽበት ፈካና መልሶ ጠቆረ። «ናይሮቢ ለኔ የመጨረሻዬ ነበር፤ ከእንግዲህ ማን ይጠራኛል?»

«አስናቀ ስለ ስድስተኛው ነግሮህ ነበር?»

«እኛ ስለ ሜዳ አናወራም ሻምበል» አለ ከድሩ፤ እጆቹን ግን ከጉልበቶቹ መካከል አላወጣቸውም።

ባለሙያዎቹን የምትመግበው የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ የዓለምወርቅ ናት። ለማንም የማትመለስ፣ አፏ ስል የሆነ የሸዋ ሴት ነች። ሻምበሉን ወንበር ሰጥታ እሷ ቆመች።

«እነዚህ ሰዎች ሲበሉ ያዩ እንደሆነ ሐዘን ቤት የተቀመጡ ነው የሚመስልዎ። ወጡ ጨው ቢበዛበት እንኳ ቃል አይወጣቸውም። እኔ አንድ ቀን ሆን ብዬ አብዝቼ ሞከርኳቸው።»

«ከድሩን እንዴት ታውቂዋለሽ?»

ፊቷ ለሰስ አለ። «ለሱ ሻይ ግማሽ ብርጭቆ ነው የምቀዳለት። ሙሉ ከሆነ ይፈሳል፤ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሦስቱም ያውቃሉ፣ አንዳቸውም አይሉም። የበሽታዋን ስም የጠራ ሰው እሷ ትጋባበታለች ይላሉ፤ ‹ያቺ ነገር› ብለው ነው የሚያልፏት። ዛሬ ጠዋት ከጨዋታው ሲመለስ ግን ‹የዓለሜ፣ ሙሉ ቅጂልኝ› አለኝ። ቀዳሁለት። ጠብ ሳይል ጠጣው። አስናቀ እንኳ ዓይኑ እንባ አቀረረ።»

«ምሳ ላይስ?»

«ምሳ ላይ አስናቀ ቀረ፤ ተኝቷል ብለን ዝም አልን። ከድሩ ዘግይቶ መጣ፤ ሙሉ ቀድቼ ብሰጠው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሰባት ሰዓት።»

«ሬሳው የተገኘ በዘጠኝ» አለ ሻምበሉ ለራሱ። አመስግኗት ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሁሉንም ስድስተኛው ቡኒ ጋ ሰበሰባቸው። ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ካሕሳይ፣ ከድሩና የዓለምወርቅ ከዳር ቆሙ። ባፈና ሀምዳን በሰንሰለቱ እየመራ አመጣው፤ ሐዋ ከኋላ ተከተለች። ካሚዮኑ ሞተሩን አስነሥቶ ከመንገዱ ዳር ይጠብቃል። ፓምፑ ገና አልተነሣም ነበርና ሜዳው ጭር ብሏል። ከመካከላቸው ማንም ወደ ጉድጓዱ ማየት የፈለገ አልነበረም።

ሻምበሉ አንዲት ኳስ ሟቹ ኳስ ነበረችበት ስፍራ ላይ አስቀመጠ። ራሱ ከኳሷ ማዶ፣ ሬሳው ተኝቶበት በነበረው ቦታ ቆመ።

«በየተራ ወደኔ ኑ። ምንም አትጠይቁኝ። መጀመሪያ ሀምዳ።»

ሀምዳ ሰንሰለቱን እያንቃጨለ በቀጥታ መጣ፤ በኳሷና በጉድጓዱ መካከል አልፎ ፊቱ ቆመ። ሚስተር ሃርግሪቭ እግሩ የተረገጠ ያህል ትንፋሹን ሳበ።

«እርስዎ ሚስተር።»

ሚስተር ሃርግሪቭ መጣ፤ ኳሷ ጋ ሲደርስ በስተኋላዋ ዞረ። ካሕሳይም ዞረ። ከድሩም ዞረ።

«አሁን ደግሞ ሦስታችሁም በየተራ የረገጣችሁትን ጥረጉ።»

ሚስተር ሃርግሪቭ ጣውላውን በግራ ሲጎትተው በቀኝ እየሄደበት ግማሽ መንገድ ላይ ተወው፤ በሕይወቱ ጠርጎ አያውቅም። ካሕሳይ እንደ ትናንቱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ከድሩ ገመዱን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሥራው ሲጀምር ግን እግሩ መንገዱን ያውቅ ነበር። ከጉድጓዱ ተነሥቶ እየዞረ፣ እየሰፋ፣ ኳሷ ጋ ሲደርስ ዙሪያዋን መዳፍ የሚያህል ትቶ እስከ ዳር ሄደ። እዚያ ሲደርስ የሠራውን ቀና ብሎ አየ። ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

ሻምበሉ ድምፁን አላነሣም።

«ትናንት እዚህ ስደርስ የሞተው ሰው ዱካ አልነበረም። ሰው ደግሞ በርሮ መጥቶ አይሞትም። ስለዚህ ከሞተ በኋላ አሸዋው ተጠርጓል፤ የጠረገውም የራሱን ባለምስማር የጎልፍ ጫማ ዱካ ለማጥፋት ነው። ሀምዳ ለምን ይጠርጋል? ጠርጎስ ለምን የራሱን ሸበጥ ዱካ መልሶ ይተዋል? የገደለው ሰው ከጠረገ በኋላ ግራሩ ሥር ወደተኛው ሰው ሄደ፣ ዘይት በነካው እግሩ ሸበጡን አጠለቀ፣ ገብቶ ወጣ፣ መልሶ አኖረው።»

«ሌባ ብልህ ነው» አለ ባፈና።

«ብልህ ነው፤ ግን አመል ያወጣል ከመሐል። እንደ ሀምዳ ሊራመድ ፈልጎ በኳሷና በጉድጓዱ መካከል ማለፍ አልሆነለትም። እናንተ የኳሷን መንገድ፣ ከኳሷ እስከ ጉድጓዱ ያለውን፣ አትረግጡም። ገዳዩ ባለቤቷ ሞቶ ተኝቶም እንኳ አልረገጠም፤ ኳሷን ከቦታዋ አላነሣም። ይሄ ያልተጻፈ ሕጋችሁ ነው። ሀምዳና ባፈና ግን መንገድ መኖሩንም አያውቁም። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ቀራችሁ፤ ከሦስታችሁ እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠርገው ደግሞ አንድ ነው።»

ካሕሳይ ወደ ከድሩ ዞሮ አየ። ከድሩ መሬት መሬት ያያል።

«ምክንያቱ ግን አልገባኝም ነበር» አለ ሻምበሉ። «ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ትናንት አልመጣም አሉኝ። አሁን በሰው ሕይወት እጠይቅዎታለሁ። አስናቀ አቤት አላለም?»

ሚስተር ሃርግሪቭ ባርኔጣውን አወለቀ። «አለ» አለ በመጨረሻ። «ጠዋት ከጨዋታ በኋላ መጣ። ከስድስተኛው ሥር መቃብር አለ፣ እዚህ ላይ አንጫወትም፣ ዝጋው አለ። እኔ ተቆጣሁ። ከዘጋሁ ውድድሩ ይሰረዛል፣ የዛሬው ምት ሁሉ ዜሮ ነው አልኩት። ይሰረዝ አለ። ማታ መልስ እሰጣለሁ አልኩ። ከዚያ ሞተ። ቅሬታ አቅርቦ ሞተ እንዳይባል ደበቅሁለት። ለስሙ ብዬ።»

«ለስሙ ብለው ሌላ ሰው ሊያሰቅሉ ነበር» አለች የዓለምወርቅ። ሚስተር ሃርግሪቭ በዚያ ሰዓት ስለ ራሱ ያሰበውን ማንም አይመኝም።

«የምቱ መሰረዝ ማንን ይጎዳል?» አለ ሻምበሉ። «በአራት ምት የመራውን። እጁ ስንት ዘመን ከድታው አንድ ጠዋት ብቻ የታዘዘችለትን ሰው። በሰባት ሰዓት፣ ማንም የአስናቀን መሞት ሳያውቅ፣ ብርጭቆ ከእጁ የወደቀበትን ሰው።»

ከድሩ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

«ቀትር ላይ ከረጢቱን ይዞ ድምፁን መልሶ ሊሰማ ወደዚህ ሲመጣ ተከተልኩት» አለ። «መንገድ ላይ ነገረኝ። ለመንኩት። አንድ ሳምንት ቆይ፣ ናይሮቢ ደርሼ ልመለስ፣ ከዚያ የፈለግኸውን በል አልኩት። እንቢ አለኝ። ያን ጊዜ ያቺን ነገር በስሟ ጠራት። ‹ከድሩ፣ እጅህ ታሟል፤ መታከም አለብህ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› አለኝ። ሃያ ዓመት ማንም ፊቴ ላይ ብሎት አያውቅም። የጎልፍ ዱላዬ በእጄ ነበር። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ሲወድቅ እጄ ቀጥ ብላ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠችም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያን ነው ያየሁት።»

የዓለምወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ካሕሳይ ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እኔም ሰምቼው ነበር» አለ። «ድምፁን። በየቀኑ እሰማው ነበር።»

ባፈና ሰንሰለቱን ከሀምዳ እግር ፈታ። ለመፍታት ጎንበስ እንዳለ «ይቅር በለኝ» አለው፤ ኮፍያውን አልነካም። ሐዋ ወደ ባሏ ሄዳ ክንዱን ያዘች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ ብቻ ክንዱን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች።

ሚስተር ሃርግሪቭ ባንዲራዋን ነቀላት። «ድንጋዮቹ ጋራዡ ጋ ናቸው» አለ። «ዛሬ ሠራተኛ አዝዤ እመልሳለሁ።»

«አንተ አትንካው» አለ ሀምዳ። «እኔ እመልሰዋለሁ።»

ባፈና ያንኑ ሰንሰለት በከድሩ እጅ ላይ አድርጎ ሊያስነሣው ሲል፣ ሀምዳ ሚስቱን እንደያዘ ወደሱ መጣና ከበላዩ ቆመ። ሻምበሉ ሊከለክለው እጁን አነሣ፤ የሀምዳን ፊት ሲያይ ግን መለሰው።

«ከመምታትህ በፊት» አለ ሀምዳ፣ «መጨረሻ ምን አለህ?»



«ስለ እጄ ከነገረኝ በኋላ ይሄን ሰው ቀስቅሰው አልኩት» አለ ከድሩ ቀና ሳይል፣ «መቃብሩን ያሳይህና እንሂድ። ‹ደክሞታል፣ ይተኛ› አለኝ። ከዚያ ‹ብቻዬን ብናገር አልቃሻ ይሉኛል፤ ሁለት ከሆንን ግን ይሰሙናል። ና ሚስተሩ ዘንድ አብረኸኝ ግባ› አለኝ። የመጨረሻው እሱ ነው።»

ሀምዳ ወደ ግራሩ አየ። ስድሳ እርምጃ አይሞላም።

«ሸበጤን ልትወስድ አጠገቤ ቆመሃል» አለ። «ቀድመህ መጥተህ ብትቀሰቅሰኝ ኖሮ ሦስት እንሆን ነበር።»

 ባፈና የከድሩን ክንድ ይዞ አስነሣውና ወደ ካሚዮኑ ወሰደው።